ለአባቴ ያስተረጎምኩበት ክርክር

ማክሰኞ

ተከራካሪው አባዬ ነው። ይህን የሰማሁት ሥራውን እሺ ካልኩ በኋላ ነው።

ጠዋት የደወለልኝ ቶሌራ ነበር። ከተማችን ውስጥ አንድ የውይይት ክበብ ያስተባብራል፤ ከዚህ በፊትም ሁለቴ አሠርቶኛል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሕዝባዊ ክርክር አለ አለኝ። ርዕሱ በአየር ላይ ያለው የሙቀት አማቂ ጋዝ እየጨመረ የመጣው በሰው ሥራ ነው ወይስ በተፈጥሮ የሚል ነው። አንደኛው ወገን በአማርኛ ሌላው በኦሮምኛ ስለሚናገር ወዲህም ወዲያም የሚያስተረጉም ሰው ያስፈልጋል። ወዲያው እሺ አልኩ። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት፣ እኔም እንጀራዬ ከዚያው ነው። ስለ ዶሮ ክትባት፣ ስለ ግብር፣ ስለ ስንዴ ዋግ፣ ስለ ወሊድ አስተርጉሜያለሁ። ጋዝ ምን ይከብደኛል ብዬ ነው።

ከዚያ የተናጋሪዎቹን ስም ጠየቅኩት።

«ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ በከርሰ ምድር እንፋሎት ላይ የሠሩ። ታውቂያቸዋለሽ?»

«አባቴ ናቸው።»

ሳቀ። «እንግዲያማ አነጋገራቸውን ለምደሽዋል።»

ለዘመድ ማስተርጎም በሙያችን እንደማይደገፍ ነገርኩት። ሌላ ሰው እንደሌለ ነገረኝ። እውነቱን ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል አስተርጓሚ ሁሉ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው።

ቤት ስገባ አባዬ ተላጭቷል። እማዬ ካረፈች ወዲህ ኑሮው ከአልጋው እስከ በረንዳው ወንበር፣ ከወንበሩ እስከ አልጋው ሆኗል። ለቀብር እንኳ አይወጣም፤ እድርተኛው ትቶታል። ዛሬ ግን ሱፉን አውጥቶ ነፋስ እንዲመታው ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰቅሎታል። የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያለበሰው ነበር፤ አልነገርኩትም።

«ሰማሽ?» አለኝ።

«ሰማሁ።»

«ያልኩትን ሳትቆርጪ አድርሺልኝ። ሌላ አልጠይቅሽም።»

አቋሙን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ምድር ራሷ ትተነፍሳለች ይላል፤ ሰው ምን አቅም አለው። ከዝዋይ ወዲያ ባለው ትኩስ ተራራ ላይ ከመሬት የሚወጣውን ጋዝ ሲለካ ነው ዕድሜው ያለቀው። ቅዳሜ ማታ ሲመጣ ልብሱ የተበላሸ እንቁላል ይሸት ነበር፤ እማዬ ከውጭ ታስወልቀዋለች።

እኔ ምን አምናለሁ? ሥራዬ አስተያየት የለውም። ግን ትምህርት ቤት የተማርኩትንም አልረሳሁም። አባዬ የተሳሳተ ይመስለኛል። ይህንን እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው።

ረቡዕ

ሌላዋን ተናጋሪ አገኘኋት። ዶክተር ጫልቱ ትባላለች፤ ኬሚስትሪ ታስተምራለች፣ የወለንጪቲ ልጅ ናት። ቃላት እንድንስማማ ብዬ እኔ ነኝ የቀጠርኳት፤ ጁስ ቤት። ስፕሪስ አዘዘች፣ እኔ ፓፓያ። በዕድሜ እኩያዬ ትመስለኛለች። ቶሎ ቶሎ ነው የምትናገረው፤ ለአስተርጓሚ መከራ ናት።

ያስቸገሩኝ ቃላት፦ አይሶቶፕ (እንዳለ እንተወው አለች)። ቅሪተ አካል ነዳጅ። የካርቦን ዑደት። «ምንጭ»፤ በአማርኛ ሰው ሁሉ ውሃ ነው የሚያስበው።

ልትናገር ያሰበችውን በአጭሩ አወራችልኝ። ነዳጅና ድንጋይ ከሰል ሲቃጠል ኦክስጅን ይበላል፤ በዓለም ሁሉ ሲለካ ጋዙ በጨመረ ቁጥር ኦክስጅኑ ቀንሷል። ከመሬት የሚወጣ ጋዝ ቢሆን ኖሮ ግን ኦክስጅኑን አይነካውም ነበር። አየር ውስጥ የተጨመረው ካርቦን ደግሞ ከጥንት ዕፅዋት የመጣ መሆኑ ከዓይነቱ፣ ከአይሶቶፑ፣ ይታወቃል። እሳተ ገሞራ ሁሉ አንድ ላይ ቢደመር እንኳ ሰው ከሚያወጣው ጋር አይወዳደርም። በአማርኛ ደጋገምኩት፤ አስተካከለችኝ።

«መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ» አለች።

ይሄኔ ነው የነገርኳት። «ጫልቱ፣ ሰውዬው አባቴ ናቸው።»

ገለባውን ከብርጭቆው አወጣችው፤ መልሳ ከተተችው። «ታዲያ ልንገርሽ ወይስ ይቅር?»

«ንገሪኝ። ሥራዬ ነው።»

ነገረችኝ። እንዲህ ነው የምትለው፦ እርስዎ በዚያ ተራራ ላይ ለብዙ ዓመታት ለክተዋል። በእነዚያ ዓመታት ከመሬት የሚወጣው ጋዝ ጨምሮ ነበር?

ሌላ ምንም የለውም። አየሩ ውስጥ ያለው እየጨመረ ከሆነና ምንጩ መሬት ነው ከተባለ፣ መሬት የምታወጣውም መጨመር አለበት። ካልጨመረ ነገሩ አለቀ።

መልሱን አላውቅም። የሚያውቀው አባዬ ነው። ግን ቢጨምር ኖሮ እስካሁን ሺህ ጊዜ በነገረን ነበር።

ስንለያይ «ለእሳቸው አትንገሪ አልልሽም» አለችኝ። «አትነግሪም ብዬ አምናለሁ ነው የምልሽ።» ከዚህ ይልቅ ብታስምለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

አባዬ ሳሎን ውስጥ ሲለማመድ ዋለ። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠግቶ ቆሞ ነው የሚናገረው። ከወንበሮቹ በስተቀር ማንም አልሰማውም፤ ከሰዓት በኋላ ግን እኔን አስቀመጠኝ።

ጎበዝ ነው። ይህን አላውቅለትም ነበር። ስለ አንድ ጎድጓዳ ቦታ አወራ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ነፋስ የሌለ ቀን እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ እንደ ውሃ ይተኛል። ፋኖስ በገመድ ሲያወርዱ፣ ከተወሰነ ቦታ ዝቅ ሲል እሳቱ ይሞታል። ከፍ አድርገው ይለኩሱታል፤ ዝቅ ሲያደርጉት እንደገና ይሞታል። አንድ ቀን የአንድ መንደርተኛ በግ ወርዳ ቀረች። በጓን ለማውጣት የወረደውን ሰውዬ አባዬና ጓደኞቹ በገመድ ጎትተው አወጡት። «ያንን ጋዝ ማን አመረተው? ፋብሪካ? መኪና?» ብሎ ዝም አለ። ዝምታውም የተለማመደው ነው።

ከዚያ ተቀመጠና «ጠይቂኝ» አለ።

«ምን?»

«ጠንካራ ጥያቄ አምጪ። ልጅቷ ዶክተር ናት፤ ባዶ እጄን እንዳልቀርብ።»

የጫልቱ ጥያቄ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ወጥ ሊያርብኝ ነው ብዬ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ፤ ምድጃው ላይ ወጥ አልነበረም። ውሃ ጠጣሁ። ተመልሼ «በረሃማነት ከደን መጨፍጨፍ ጋር ግንኙነት የለውም ወይ?» አልኩት። የማይረባ ጥያቄ። ረጅም መልስ ሰጠኝ፤ ደስ አለው። ማታ እራቱን ጨርሶ በላ። መቼ ጨርሶ እንደበላ አላስታውስም።

ራሴ ውስጥ ሁለት ሴቶች ይከራከራሉ። አንዷ፦ አባትሽ ነው፣ ሕዝብ ፊት ሊዋረድ ነው፣ ከአሁን በኋላ ከአልጋው ላይነሣ ይችላል። ሌላዋ፦ ሴትዮዋ አምናሽ ነገረችሽ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ለሁለቱም እኩል አስተረጎምኩላቸው፤ ዳኛ አልነበረም።

ዓርብ

የዘር አቅራቢዎች ስብሰባ ላይ ዋልኩ። «ምርቱ ቀነሰ» ያለውን «ጨመረ» ብዬ አስተረጎምኩ። አንድ የሁሩታ ገበሬ ከኋላ ሆኖ በትሕትና አረመኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። በሥራዬ ላይ እንዲህ ዓይነት ስህተት አላውቅም።

መብራት የለም። አባዬ ሱፉን የሚተኩስበት አጥቶ የጎረቤት የከሰል ካውያ ተዋሰ። ከሰሉን እያራገበ «ይኸውና፣ ዓለምን አሞቅናት» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አልነገርኩትም።

ቅዳሜ

ቅደም ተከተሉን ሳልረሳው ልጻፈው።

አዳራሹ አልሞላም፣ ባዶም አልነበረም። ተማሪዎች ይበዛሉ። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የመጡ፣ የሥራ ጋውናቸውን ያላወለቁ ሴቶች ከኋላ ተቀምጠዋል። በጣም ይሞቃል። በመስኮቱ ከኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ክንፎች ሲዞሩ ይታያሉ፤ ወደ እኛ ግን ትንፍሽ የሚል ነፋስ የለም። አባዬ በግራ፣ ጫልቱ በቀኝ፣ እኔ መሀል ቆሜ።

አባዬ ጀመረ። እሱ «እኔ» ሲል እኔም «እኔ» እላለሁ፤ የሥራው ደንብ ነው። ስለዚህ በኦሮምኛ እኔ ነበርኩ ፋኖሱን ያወረድኩት። እኔ ነበርኩ ሰውዬውን በገመድ የጎተትኩት። ምድር ትተነፍሳለች ብዬ ሕዝብ ፊት ተናገርኩ። በደንብ ነው ያስተረጎምኩት። ሰው አጨበጨበ፤ የፋብሪካዎቹ ሴቶች በተለይ። አባዬ በዓይኑ ወደ እኔ አየና በትንሹ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ጫልቱ ተናገረች። ያኔ በአማርኛ «እኔ» ማለት እሷ ሆነች። አባቴን በአባቴ ቋንቋ ስቃወመው ወደ እሱ አላየሁም። ኦክስጅኑን፣ አሮጌውን ካርቦን፣ የእሳተ ገሞራውን ንጽጽር አንድ በአንድ አስቀመጥኩ። ቃላቱ አላስቸገሩኝም። ስለ ወለንጪቲ ደግሞ ጁስ ቤት ያልነገረችኝን ተናገረች። አባቷ ዝናብ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሲቀርባቸው በሬዎቻቸውን ሸጠው ከተማ ገብተው ዘበኛ ሆነዋል። ይህን ስትል አልፈጠነችም።

ተሰብሳቢው ጠየቀ። አንድ ሰው የዘመን ፍጻሜ ምልክት ነው፣ ንስሐ ነው የሚያስፈልገው አለ። አንድ ወጣት ላሞችም ያወጣሉ ይባላል፣ እውነት ነው ወይ አለ፤ ሳቅ ሆነ። ጫልቱ እውነት መሆኑን አስረዳችው።

በመጨረሻ ወደ አባዬ ዞረች። በኦሮምኛ ነው የጠየቀችው፤ አክብራ፣ በ«ኢሲን»፣ በአንቱታ ነው፣ መጀመሪያ ላይም «አባ ኮ»፣ አባቴ፣ ብላ።

አባዬ ኦሮምኛ ይሰማል። ለሳይንስ አይበቃውም እንጂ በዚያ ተራራ ሥር ከሰው ጋር ኖሯል። ስለዚህ እኔ አፌን ሳልከፍት ገብቶታል። ፊቱ ላይ አየሁት። ቢሆንም ማስተርጎም ነበረብኝ፤ አዳራሹ ይጠብቃል። «በእነዚያ ዓመታት ከመሬት የሚወጣው ጋዝ ጨምሮ ነበር?» አልኩት። ራሴ የጠየቅኩት ያህል ነው።

መነጽሩን አወለቀ። ይህ ዝምታ የተለማመደው አልነበረም።

ማምለጥ ይችል ነበር። መሣሪያው አሮጌ ነበር፣ ቦታው አንድ ብቻ ነው፣ በየወቅቱ ይለያያል ማለት ይችል ነበር። ሁሉም እውነት ናቸው። እየጠበቅኩለት ነበር። ከነዚህ አንዱን ቢል በጥሩ ኦሮምኛ አሳምሬ ላደርስለት ተዘጋጅቼ ነበር።

«ይወጣል፣ ይወርዳል» አለ። «ግን አልጨመረም።»

«ሂን ደበልኔ» አልኩ። አልጨመረም።

ማንም አላጨበጨበም። ጫልቱ «ገላቶማ»፣ አመሰግናለሁ፣ ብላ ተቀመጠች፤ ሌላ አልጨመረችም። ቶሌራ ማን እንዳሳመናቸው እጅ አውጥተው እንዲመርጡ ጠየቀ። ቆጥሮ ጫልቱ እንዳሸነፈች ተናገረ፤ እኔም በሁለቱም ቋንቋ ተናገርኩት።

በባጃጅ ነው የተመለስነው። ቤት እስክንደርስ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «ድምፅሽ ደክሟል፤ ሻይ ጠጪበት።»

እሑድ

አልተነሣም። ቤተ ክርስቲያንም አልሄደም። ቁርሱን በራፉ ላይ አስቀመጥኩ፤ ምሳ ሳመጣ ቁርሱ እንዳለ ነው። እማዬ የሞተች ሰሞን እንዲህ ነበር።

ሱፉ ወንበር ላይ ተወርውሯል። ሰቀልኩት።

ቶሌራ ደውሎ ክርክሩ ግሩም ነበር አለኝ። አባዬ እንዴት እንደዋለ አልጠየቀኝም። አልፈርድበትም፤ ለእሱ ዝግጅት ነው።

ሰኞ

ነገርኩት። መሸከም አልቻልኩም።

ሻይ ይዤ ገባሁና አልጋው ጫፍ ተቀመጥኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል፤ እንዳልተኛ ግን ከአተነፋፈሱ ያስታውቃል።

«አባዬ፣ ጥያቄውን አውቀው ነበር። ረቡዕ ዕለት ነግራኛለች።»

ብርድ ልብሱን ሳብ አደረገ።

«ሐሙስ ጠይቂኝ ስትለኝ አውቀው ነበር።»

ዞረ። «ስለ ደን የጠየቅሽኝ ጊዜ?»

«አዎ።»

ለረጅም ጊዜ አየኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፣ ቁጣ አልመሰለኝም። ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩትም፤ የሰው ቃል መተርጎም እንጂ ፊት ማንበብ ሙያዬ አይደለም። «ሻዩን አስቀምጪና ሂጂ» አለኝ። ሄድኩ።

በኋላ ገብቼ ሳይ ብርጭቆው ባዶ ነው። ሻዩን እንኳ ጠጥቶታል።

ማክሰኞ

ከሥራ ስመለስ በረንዳው ላይ አገኘሁት። አልተላጨም፣ ግን ተነሥቷል። ተቀመጪ አለኝ።

ያለኝን በተቻለኝ መጠን እንደ አነጋገሩ ልጻፈው።

«ብትነግሪኝ ኖሮ መልስ አዘጋጅ ነበር። ሦስት ቀን ነበረኝ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ማምለጫ ስሠራ እሰነብት ነበር። ጥሩም አድርጌ እሠራው ነበር። ከዚያ እሱን ስናገር ስትሰሚኝ፣ አንቺ ደግሞ ስታደርሺልኝ...» አልጨረሰውም። እጁን አወራጨና ተወው።

«ጥያቄውን ራሴን ጠይቄው አውቃለሁ» አለ ቆይቶ። «ገና ሥራ ላይ እያለሁ። ሌላ ሰው ይጠይቀኛል ብዬ ግን አላሰብኩም፤ እዚያ የነበርነው ጥቂት ሰዎች ነን።»

ታዲያ ለምን ይህን ሁሉ ዓመት ተከራከርክ አልኩት። መንገዱ ላይ አንድ የጂቡቲ ተሳቢ ጥቁር ጭስ እየተፋ አለፈ፤ እስኪርቅ ጠበቀው።

«ስብሰባ ይጠሩን ነበር። የሰው ሥራ ነው ይሉናል። እሺ። ከዚያ ጣታቸው የሚሄደው አንድ ኩንታል ከሰል አህያ ላይ ጭኖ ወደሚመጣው ድሃ ነው። ሁልጊዜ እሱ ላይ። የሰው ነው ካልኩ እሱን የከሰስኩት ይመስለኝ ነበር። የመሬት ነው ስል ማንንም አልከስም።»

ሌላ ነገር ስጠብቅ «ሳይንስ አይደለም፣ አውቃለሁ» አለ።

ያልገባኝ ነገር አለ። ይህን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። የምኖረው እሱ ቤት ውስጥ ነው።

እራት በላ። ጨርሶ አይደለም።

ሐሙስ

ትናንት አልጻፍኩም፤ ቢሾፍቱ ሄጄ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ደክሞኝ ገባሁ።

ዛሬ ጠዋት አባዬ ስልክ ሲያወራ ሰማሁ። መጀመሪያ ጡረታ ቢሮ መስሎኝ ነበር። ጫልቱ ናት። ቁጥሯን ከቶሌራ ነው የወሰደው፤ እኔን አልጠየቀኝም። ድምፁ ጮክ ብሏል፤ ጆሮው ደህና ነው፣ ሰው ሩቅ ነው ብሎ ሲያስብ ነው የሚጮኸው።

«የሰው ነው፤ ተሸንፌያለሁ፣ አልክድም» ይላል። «ግን ሰው ብለሽ ዝም አልሽ። የትኛው ሰው? አባትሽ በሬያቸውን የሸጡት ሰው አይደሉም? ... አይ፣ ይህ ሌላ ጥያቄ ነው ብለሽ አታምልጪ። እኔ አምልጫለሁ?»

ከዚያ አዳመጠ። ብዙ አዳመጠ። «በእሱ እስማማለሁ» አለ። ቀጥሎ «በዚህ ግን አልስማማም» አለ።

ስልኩን ሲዘጋ ሌላ ክርክር ሊደረግ እንደሆነ ነገረኝ። ቀኑ አልተቆረጠም፤ ቶሌራም ገና አልሰማም፣ አዳራሽ ይገኝ አይገኝ አይታወቅም። ጫልቱ በሚቀጥለው ጊዜ በአማርኛ ልሞክር ብላለች። እሱ ደግሞ በኦሮምኛ ልሞክር ብሏል። ይህ በጣም አሰጋኝ፤ ኦሮምኛው የገበያ ነው።

«ታዲያ ቃላቱን እኔ ላዘጋጅልህ» አልኩት።

«አንቺ ተይው።»

«እንዴት ተይው?»

«አስተርጓሚ ካስፈለገ ሌላ ይፈልጉ። አንቺ ከፊት ወንበር ላይ ቁጭ በይና ስሚኝ።»

ይህን ብሎ ሊላጭ ገባ። እኔ ሥራ ስለነበረኝ ወጣሁ። መንገድ ላይ አሰብኩት። አባቴ ሲናገር ዝም ብዬ መስማት እችል እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፤ አፌ በራሱ የሚከተለው ይመስለኛል። እንሞክረዋለን።